አንድ ቀሚስ ለሁለት ሙሽራ

«ወረቀቱን ያነሳሽው አንቺ ነሽ» አለች እናቴ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቃል በቃል ሰማኋት። «ስትተኩሺ ታነሺዋለሽ፣ መልሰሽ አትሰኪውም። ይኸው ዛሬ ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

ያን ጊዜ አራስ ነበርኩ። ወላጆቼ ቤት፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ልጄን ታቅፌ ከመተኛት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። እናቴ የሙሽራ ልብስ ታከራያለች። የፊት ለፊቱ ክፍል ሱቅ ነው፤ መስታወቱ ጀርባ ሁለት ፀጉር የሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ቆመዋል፣ ቀሚሶቹ በላስቲክ ተሸፍነው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋ ቧንቧ ላይ ተሰቅለዋል። ከቧንቧው ጀርባ በመጋረጃ በተከለለችው ጓዳ ውስጥ ደግሞ ተኳሿ ትሠራለች። ተኳሽ የተባለችው ጠመንጃ ይዛ ሳይሆን ካውያ ይዛ ነው። አዲስ ደንበኛ «ተኳሿን ልጥራልሽ?» ስትባል የምትደነግጠው ነገር የሰፈሩ የማያረጅ ቀልድ ነበር። ጭምት ሴት ናት። ሥራ ስትገባም ስትወጣም በኔ መስኮት በኩል ጎንበስ ብላ ልጄን ሳታይ አታልፍም፤ ፋታ ስታገኝም ገብታ አቅፋ ታስተኛታለች።

የእናቴ አሠራር እንዲህ ነው፤ አንዲት ሙሽራ ልብስ መርጣ ቀብድ ስትከፍል፣ ስሟንና የሠርጓን ቀን ብጣሽ ወረቀት ላይ ትጽፍና በመርፌ ቁልፍ መስቀያው ላይ ትሰካዋለች። የቀረው ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። የትኛዋ ሙሽራ ወገቧ ቀጭን እንደነበረ፣ የትኛዋ እያለቀሰች እንደለካች፣ የትኛዋ ቀሚሱን ወይን ጠጅ አፍስሳበት እንደመለሰች፣ ሁሉንም ታውቃለች። ወረቀቱ ለደንቡ ያህል ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን አንዲት የሙሽራ እናት ለነገው ሠርግ የልጇን የዳንቴል ቀሚስ ልትወስድ ስትመጣ ቀሚሱ የለም፤ ትናንት አመሻሽ ላይ ሌላ ሙሽራ ወስዳዋለች፣ ለዚያው ለነገ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዝም ብላ ማየት ጀመረች። እናቴ ጩኸትን ትችለዋለች፤ ያንን ዓይነት አስተያየት ግን አልቻለችውም። ያኔ ነው ወደ ጓዳው ዞራ የተናገረችው።

«እትዬ፣ እኔ ወረቀት አልነካም» አለች ተኳሿ።

«እንግዲያው እኔ ነኛ ያበድኩት።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ካውያው ማስቀመጫው ላይ ሲያርፍና ሶኬቱ ሲነቀል ነው። ትንሽ ቆይቶ ተኳሿ በመስኮቴ በኩል አለፈች። ሽርጧን አልለበሰችም። ቀና ብላ ልጄን አላየችም።

እናቴ ሥራዋን አላቆመችም። ሙሽራይቱን በስልክ አስጠርታ ከቧንቧው ሌላ ቀሚስ አወረደች፤ ወገቡ ሰፊ ነው፣ ትከሻው ይንሸራተታል፣ ግን እናቴ አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ደርድራ ስትዞርባት ልጅቷ መስታወቱን አይታ ፈገግ አለች አሉ። እናትዮዋን «ነገ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት መጥተሽ ትወስጂዋለሽ» ብላ ሸኘቻቸው። ሴትዮዋ ስትወጣ «ያቺንስ ልጅ ባትቆጪያት ጥሩ ነበር» ማለቷን ሰማሁ።

አባቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ሱቁ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በአውቶብስ መናኸሪያ ነው፤ የትኛው አውቶብስ በየትኛው መስመር፣ በየትኛው ሾፌር እንደሚወጣ የሚያሰማራ እሱ ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ «ጋሼ ስምሪት» ይለዋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሱቁ ውስጥ እየዋለ አሻንጉሊቶቹን ወዲያ ወዲህ ሲያሰማራ እናቴን አስመረራት፤ «አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ሂድና የሆነ ነገር ተማር» አለችው። ተነሥቶ የጀማሪዎች የኮምፒውተር ትምህርት ተመዘገበ። በክፍሉ ውስጥ መላጣ እሱ ብቻ ነበር። አስተማሪዋ የኔ እኩያ ናት፤ የሰጠችውን የታተመ ወረቀት በላስቲክ ሸፍኖ፣ እንደ መሬት ካርታ በብብቱ ይዞ ይመላለሳል። ሰሞኑን ዳታቤዝ የሚባለውን የመረጃ መዝገብ መሥራት ጀምረው ነበር። አስተማሪዋ የምታውቁትን ነገር መዝግቡ ብላ፣ ሌሎቹ የኳስ ቡድንና ዘፈን ሲመዘግቡ እሱ ሟች አውቶብሶቹን ሁሉ ከነታርጋቸው አስገብቶ አስጨበጨበ።

እኔ አጠናበት የነበረው አሮጌ ኮምፒውተር አልጋዬ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው። ሲበራ እንደ ድስት ይንተከተካል። አባቴ ገብቶ በሩን ዘጋ። የልጅ ልጁን ጉንጭ ሳይነካ ሲቀመጥ ጊዜ ነገሩ እንደከበደው ገባኝ።

«እሷ አይደለችም» አለ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለእናትሽ? ሰው ፊት?» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ ራስ መመለጡን እሷ ነበረች የነገረችኝ፤ የሷ አፍ ማምለጡን ግን እኔ እንዴት አድርጌ ልንገራት?»

ሱቅ ገብቶ ከመስቀያዎቹ ላይ ወረቀቶቹን በጥንቃቄ እያነበበ በራሱ ወረቀት ገለበጠና ተመለሰ። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ሠራ፤ የሙሽራዋ ስም፣ ስልኳ፣ ልብሱ፣ ቀለሙ፣ ልኩ፣ የሠርጉ ቀን፣ ሁሉም ጎን ለጎን። በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው። አንዱን ፊደል አግኝቶ ሌላውን ሲፈልግ ልጄ ጠብታ ጨርሳ ትተኛለች። ግማሽ እንደደረሰ ማጉረምረም ጀመረ። የሳቲኑን ቀሚስ አንድ ቦታ በእሳቱ ሰ፣ ሌላ ቦታ በንጉሡ ሠ ጽፎት ኖሮ፣ የሳቲን ቀሚስ የተከራየበትን ቀን ሁሉ አምጣ ሲለው ማሽኑ ግማሹን ብቻ አመጣለት። ለሰው አንድ የሆነው ልብስ ለማሽኑ ሁለት ሆኗል። አንዲት ሙሽራ ደግሞ ለራሷም ለሚዜዋም ስለተከራየች ሁለት ጊዜ ገብታ፣ በአንዱ መስመር ስልኳ አንድ ቁጥር ጎድሎታል።

ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥቶ ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ከዚያ የጻፈውን በሙሉ ሰረዘው። እኔ ከሱ በላይ ደነገጥኩ።

«መናኸሪያ ብሆን ኖሮ እንዲህ አልሳሳትም» አለ። «ተመልከቺ፤ አውቶብሱ ለብቻው ነው፣ ሾፌሩ ለብቻው ነው፣ ጉዞው ለብቻው ነው። ጉዞ በተነሣ ቁጥር አውቶብሱን እንደ አዲስ ቀለም ትቀቢዋለሽ? አትቀቢውም። ቁጥሩን ትጽፊያለሽ፣ በቃ። አስተማሪዋም ስትለን የነበረው ይህንኑ ነው፤ እኔ ግን ሙሽራ ሳይ ጠፋብኝ።»

ሦስት ሠንጠረዥ ሠራ። አንዱ የልብሶቹ ሆነ፤ ለያንዳንዱ ቀሚስ መለያ ቁጥር ሰጠው፣ ስሙንም አንዴ ብቻ ጻፈ። ሁለተኛው የሙሽሮቹ። ሦስተኛው የኪራዩ፤ እዚያ ላይ የልብሱ ቁጥር፣ የሙሽራዋ ቁጥርና የሠርጉ ቀን ብቻ። ከዚያ በማውሱ ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው መስመር ሲስብ፣ መስመሩ ተጣብቆ ሲቀር፣ ፊቱ ላይ የመጣውን ደስታ ሳየው ሕፃን መሰለኝ። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ አስተማሪዋ በእስክሪብቶ ጨምራ የጻፈችለትን አነበበና አንድ ነገር አዘዘው፤ አንድን ልብስ ለአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አትቀበል የሚል ትእዛዝ ነው። «ይኼ ነው ቁም ነገሩ» አለኝ። «አንድ አውቶብስ ባንድ ሰዓት ሁለት ቦታ አይሄድም።»

ከሰዓት በኋላ እናቴ የነገዋን ሙሽራ ቀሚስ ታቅፋ ገባች። እኔ ክፍል ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ደግሞ ልጄን የማየት ሰበብ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትከሻው ላይ ዶቃ መስፋት ጀመረች። ስለ ጠዋቱ ማንም አላነሣም። ቤታችን ውስጥ ትልልቅ ነገር የሚቀመጠው እንደ ውድ ሳህን ነው፤ ሁሉም ያለበትን ያውቃል፣ የሚያወጣው ግን የለም። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልብሶቹን ላስገባቸው ነው፤ እየነገርሽኝ ልጻፍ» አላት።

«የት ነው የምታስገባቸው?»

«እዚህ ውስጥ።»

«ቀሚሶቼን?» አለች፤ ኮምፒውተሩን ገልመጥ አደረገችው። ግን መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ቁጥብ ነበረች፤ ቀስ በቀስ ግን አንደበቷ ተፈታ። አባቴ ለቀለም አንድ ቦታ ብቻ አዘጋጅቶ «ነጭ» ብሎ ሊያልፍ ሲል ተቆጣችው፤ የወተት ነጭ አለ፣ የእንቁላል ቅርፊት ነጭ አለ፣ ማታ ላይ በመብራት ብቻ ነጭ የሚመስል አለ። አንደኛዋን ቀሚስ ለአጭር ሙሽራ አሳጥራታለች፣ ለረጅም አስረዝማታለች፤ ቀሚሷ ብዙ ጊዜ አግብታለች፣ «እኔ ነኝ እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ ያገባሁት እሷ ስንቱን አግብታለች» ብላ ሳቀች። አባቴም እየሳቀ ጻፈ። የታሪኩን ሁሉ ማስቀመጫ ቦታ ስላጣ «ማስታወሻ» የሚል አምድ ጨመረላት። ልጄ ጡቴን እንደያዘች አንቀላፋች። እኔም ልተኛ ስል ነበር።

ከዚያ ወደ ኪራዩ ገቡ። መስቀያው ላይ ያልተሰካ፣ በስልክ ብቻ የተቀበለችው ብዙ ነበር። እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ ቁጥሮቹን ይጽፋል። የሚመጣው እሑድ የሳቲኗ ለአናጺው እህት። ጻፈ። የሚመጣው እሑድ ጅራታሟ ለዳቦ ቤቷ ልጅ። ጻፈ። ሌላ ሌላውን አስገቡ። ሻይ ጠጡ። እናቴ ክር በመርፌ እያስገባች፣ «የሚመጣው እሑድ ደግሞ» አለች፣ «የነርሷ ልጅ አለች፤ የሳቲኗን ነው የምትለብሰው።»

አባቴ ጻፈ። ማሽኑ ጮኸ። አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ አልቀበልም ይላል። የተሳሳተው እሱ መስሎት አጥፍቶ እንደገና ጻፈው። እንደገና ጮኸ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ተጠግቶ አነበበ፤ ወደ ላይ ሄዶ የአናጺውን እህት አገኛት። እጁ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«እምቢ አለ።»

«ለምን?»

«የሳቲኗ ለዚያ እሑድ ተይዛለች። ለአናጺው እህት።»

«ማን ነው የያዘላት?» ድምጿ የጠዋቱ ሆነ። «ወረቀቱ የታለ?»

አባቴ ሲመልስላት ሳምንቱን ሙሉ ሲነዳ የከረመን ሾፌር ነገ ዕረፍት ነህ እንደሚል ሰው ነበር፣ ቀስ ብሎ። «ወረቀት የለም» አላት። «ሁለቱንም ካፍሽ ነው የጻፍኩት። ከሻዩ በፊት አንዱን፣ ከሻዩ በኋላ አንዱን።»

መርፌው ቆመ። እናቴ ካፈርኩ አይመልሰኝ የምትል ዓይነት ሴት ናት፤ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አንተ ነህ ያምታታህ፣ እሷ ናት ያዞረችብኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። የጀመረችውን ዶቃ ሰፍታ ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ቀሚሱን አልጋዬ ላይ ዘርግታ ሁለቱንም ትከሻ አስተካከለች።

«ቤቷ የት ነው?» አለች።

ማንን እንደምትል ሁላችንም ገብቶናል። የአናጺውን እህት ቤት እናውቃለን፤ የነርሷን ልጅ ሰፈር እናውቃለን፤ ሁሉም አባቴ ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። የተኳሿን ቤት ግን ማናችንም አናውቀውም። «ከገበያው ወዲያ ስትል ሰምቻለሁ መሰለኝ» አለ አባቴ። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። «የልጄን ልጅ አቅፋ ታስተኛለች» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «በሯን አላውቀውም።»

አብረው ወጡ። ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ አባቴ ነው፣ ኋላም ተኳሿ ራሷ የጎደለውን ሞልታልኛለች። ገበያው ጫፍ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ጠይቀው፣ እሷ ወደ ጫማ ጠጋኙ መርታቸው፣ እሱ ደግሞ በሮቹ በተርታ ወደተደረደሩበት ግቢ አሳያቸው። ግቢው መሀል አንድ የጋራ ቧንቧ አለ፤ ሴቶች ከበው ልብስ ያጥባሉ። ተኳሿ እጇን እያደራረቀች ከአንደኛው በር ወጣች። ስታያቸው አልደነገጠችም፣ ግቡም አላለችም።

«ለነገው ልብስ ነው የመጣችሁት?» አለች። «የሚተኩስ ጠፋ?»

«ልብሱን እኔው እተኩሰዋለሁ» አለች እናቴ። «የመጣሁት ለሱ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልልሽ ነው።»

«የተባልኩት እኮ ሰው ፊት ነው፣ እትዬ።»

እናቴ ይህንን ስትሰማ ዘወር አለች። ቧንቧው ዘንድ ወዳሉት ሴቶች ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ ድምጿ ደግሞ ሲፈጥረው ትልቅ ነው። «ስሙኝማ» አለቻቸው። «ቀሚሱን ለሁለት ሙሽራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሷ ወረቀት አልነካችም። ያለ ጥፋቷ ሰው ፊት የተናገርኳት እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ እጃቸው አረፋ ውስጥ እንዳለ ተያዩ። ስለ ምን እንደሚወራ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንዷ፣ እንግዳ ማሳፈር ከብዷት ነው መሰለኝ፣ «እሺ» አለች።

ተኳሿ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። «ለማንም አልተናገርኩም ነበር እኮ» አለች። «ራሴን አሞኝ መጣሁ ነው ያልኳቸው። ይኸው አሁን ግቢው ሁሉ ሰማ።» እናቴ ቆማ ቀረች፤ አባቴ በኋላ ሲነግረኝ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንዲህ ቃል ሲጠፋት አላየሁም አለ። ተኳሿ ሳቋን እንደጨረሰች ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ከእንግዲህ ጥፋት ሲኖርብኝ ጓዳ ጠርተው ይንገሩኝ» አለች። «ሳይኖርብኝም ቢሆን፣ ጓዳ ይሁን።» እናቴ እሺ አለቻት። ለጠዋቷ ሴትዮም እነግራታለሁ አለች፤ ነገረቻትም፣ በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት፣ በር ላይ ቆማ። እሱን እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሲመሽ ሦስቱም ተያይዘው መጡ። ተኳሿ መጀመሪያ ወደኔ ገባች፣ እጇን ታጥባ ልጄን ተቀበለችኝና በጠዋቱ ያላየቻትን ያህል አየቻት። ከዚያ ሽርጧን አጥልቃ ወደ ጓዳው ሄደች። ብዙም ሳይቆይ በስሱ ግድግዳ በኩል ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ መጣ። እናቴ ለአናጺው እህት ስልክ ደውላ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ተሳስቻለሁ አለቻት፤ ልጅቷ ነገ መጥታ ሌላ ልትመርጥ ተስማማች። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ለዚያ እሑድ ያልተያዙትን ቀሚሶች ከኮምፒውተሩ መስታወት እያነበበ ሹክ ይላታል፣ እሷ በስልኩ ትደግማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ ላይ ሳይጣሉ አየኋቸው።

ስልኩን ስትዘጋ ግን አልተነሣችም። አባቴ ወደ ኪቦርዱ ተመለሰ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ የተኛሁ መስሏታል።

«ቀሚሶቹ አይጠፉኝም» አለች። «አንዷም አትጠፋኝም፣ አይተኸኝ የለ? ቀኖቹ ናቸው። ድሮ ቅዳሜ ሲሉኝ ቅዳሜዋ ራሷ ትታየኝ ነበር፣ ማን ማን እንዳለባት። አሁን ቅዳሜ ይሉኛል፣ ቃሉን እሰማለሁ፣ ባዶ ነው።»

የአባቴ ሁለት ጣቶች መጻፍ አቆሙ። ግድግዳው ወዲያ ካውያው ሲመጣ ሲሄድ ይሰማል። ተነሥቶ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ እሱም እኮ ቀን ነው የምትጠይቀኝ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። አባቴ ላለመሳቅ ታገለ፣ አልሆነለትም፤ ልጄን እንዳይቀሰቅሱ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በሽፋሽፍቴ መሀል አየሁ። ሳቁ ሲያልቅ እናቴ የቀሚስ ብናኝ ከጉልበቷ ላይ መልቀም ጀመረች። አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ መዳፏ ላይ ታጠራቅማለች። አባቴ መዳፉን ዘረጋላት፤ የለቀመችውን እዚያ ላይ አደረገችው።

«ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አላት።

«ሰኞ» አለች። «ብረሳውስ?»

«እኔ የት ሄጄ?» አላት።